የኮምፒውተር ፍጥነትና ልኩ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)

በእንዲህ ያለ በዓል ላይ ስለ ትምህርት ቤቱ ታሪክና ስለ መምህራን ድካም መናገር የተለመደ ነው፤ ይህንንም ከእኔ የበለጠ የሚያውቁት ተናግረውታል። እኔ የመረጥሁት ርእስ ግን በየቤታችን ጠረጴዛ ላይ ስለ ተቀመጠው ኮምፒውተር ነው። ርካሽ ፕሮሰሰር ያለውን የቤት ኮምፒውተር፣ አዲስ ሳይገዙ፣ ፋብሪካው ከወሰነለት ፍጥነት በላይ ማሠራት ይቻላልን? ቢቻልስ ይገባልን? ባለሙያዎች ይህን ሥራ «ኦቨርክሎክ ማድረግ» ይሉታል።

ነገሩ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ብቻ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ነገር ግን በቡራዩም ሆነ በአጎራባቾቻችን በሰበታና በሱሉልታ፣ ኮምፒውተር በገባበት ቤት ብዙውን ጊዜ ያለው አንድ ብቻ ነው። ታላቅ እኅት የዩኒቨርሲቲ ጽሑፏን ታዘጋጅበታለች፤ አባት የሱቁን ሒሳብ ያሰፍርበታል፤ ታናሽ ወንድም ያጠናበታል፣ ይጫወትበታልም። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወረቀቱ ጎን ለጎን ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒውተር ስለ ተሰጠ፣ ከመሣሪያው ጋር መላመድ ራሱ የፈተና ዝግጅት ክፍል ሆኗል። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ወጣ። የኮምፒውተር ዕቃ ሁሉ ከውጭ አገር የሚመጣ በመሆኑ፣ «አዲስ ግዙልኝ» ማለት ለወላጅ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ስለዚህ ያለውን ማሻሻል የብልህ ሐሳብ ነው። የሚቀረው እንዴት የሚለው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የፕሮሰሰር ፍጥነት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ፕሮሰሰር ሥራውን የሚሠራው በምት እየተመራ ነው። በመከር ጊዜ ደቦ ያየ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በደቦ ላይ አንዱ ዜማውን ያወጣል፤ አጫጆቹም በዜማው ምት ማጭዳቸውን አንድ ላይ ያሳርፋሉ፤ ዜማው ሲፈጥን ማሳው ቶሎ ያልቃል። በኮምፒውተር ውስጥ ዜማ አውጪው ኳርትዝ የሚባል ትንሽ ማዕድን ነው። ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በማይዛነፍ ልክ ይንቀጠቀጣል። ከእርሱ ተነሥቶ የሚገኘው መነሻ ምት በዛሬዎቹ ብዙ ኮምፒውተሮች በሴኮንድ 100 ሚሊዮን ነው፤ ይህም 100 ሜጋኸርዝ ይባላል። ፕሮሰሰሩ ይህን መነሻ በአንድ ቁጥር ያባዛዋል። የሚያባዛው ቁጥር 32 ቢሆን፣ ፍጥነቱ 3,200 ሜጋኸርዝ ወይም 3.2 ጊጋኸርዝ ይሆናል፤ ይህም በሴኮንድ 3 ቢሊዮን ከ200 ሚሊዮን ምት ማለት ነው። እንግዲህ ኦቨርክሎክ ማድረግ ሌላ ምሥጢር የለውም፤ መነሻውን ምት ወይም የሚያባዛውን ቁጥር ከፍ አድርጎ፣ አጫጆቹን ከለመዱት በፈጠነ ዜማ ማሠራት ነው።

ነገር ግን ዜማው ከአጫጁ ዐቅም በላይ ሲፈጥን፣ ሳይታጨድ የሚቀር ዘለላ ይኖራል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ያስፈልገናል።

«ፈጥኖ መሥራት የሚችል ከሆነ ፋብሪካው ራሱ ለምን አላፈጠነውም?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ፕሮሰሰሮች ሲሊከን ከሚባል ንጥረ ነገር በተሠራ ስስ ክብ ሰሌዳ ላይ ብዙ ሆነው በአንድነት ይሠራሉ። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ጠባያቸው ግን አንድ አይደለም። አንዱ በጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጥናል፤ ሌላው ብዙ ይፈልጋል። ፋብሪካው ፈትኖ በየደረጃቸው ይለያቸዋል፤ የሚጽፍላቸውም ፍጥነት ከዚያ ደረጃ ደካማው ጭምር በሞቃት ክፍል ውስጥ ለብዙ ዓመት ያለ ስሕተት ሊሸከመው የሚችለውን ነው። እንዲሁም ርካሹ ብዙ ፈላጊ ሲያገኝ፣ ለውድ ዋጋ የሚበቃው ሁሉ በርካሽ ስም የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ትርፉ ዐቅም የሚገኘው ከዚህ ነው።

በዚህ ረገድ ስሙ የታወቀው፣ ኢንቴል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ሴሌሮን 300ኤ ነው። ዋጋው 149 ዶላር ነበር። መነሻ ምቱ 66 ሜጋኸርዝ፣ የሚያባዛው ቁጥር አራት ተኩል ስለ ነበረ በ300 ሜጋኸርዝ ይሠራ ነበር። ሰዎች መነሻውን ወደ 100 ሲያደርሱት ብዙዎቹ በ450 ሜጋኸርዝ ሠሩ። ይህም የግማሽ ያህል ጭማሪ ነው። በዚያን ጊዜ ከአራት እጥፍ በሚበልጥ ዋጋ ይሸጥ ከነበረው ከ450 ሜጋኸርዙ ፔንቲየም 2 ጋር ትከሻ ለትከሻ ተለካካ።

ሁለተኛው ምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ፔንቲየም ጂ3258 ነው። እኛ ዛሬ የምሥረታ በዓል እንደምናከብር፣ ኢንቴልም የፔንቲየምን ስም ሃያኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ፣ የሚያባዛውን ቁጥር ክፍት ትቶ ያወጣው ርካሽ ፕሮሰሰር ነበር። ከ3.2 ጊጋኸርዝ ተነሥቶ በብዙ ሰዎች እጅ ከ4 ጊጋኸርዝ በላይ ሄዷል። ሆኖም ኮር የሚባለው የማስሊያ ክፍሉ ሁለት ብቻ ስለ ነበረ፣ አራት የሥራ መሥመር የሚጠይቁ አንዳንድ ጨዋታዎች ምንም ቢፈጥን አልነሣ አሉት። ሁለት ፈጣን አጫጅ ሁልጊዜ አራት አጫጅን አይተካም። ከሦስት ዓመት በኋላ ኤኤምዲ የተባለው ተወዳዳሪ ኩባንያ ራይዘን 3 1200 የተባለውን ርካሽ ፕሮሰሰር አራት ኮር አድርጎ፣ ቁጥሩንም ክፍት ትቶ ለገበያ አቀረበ። ስለዚህ «ይቻላልን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ፣ አዎን ይቻላል፤ በብዙ ሰዎች እጅ ተሠርቷል የሚል ነው።

«ይገባልን?» ለሚለው ግን ዋጋውን ማስላት ያስፈልጋል። በፊዚክስ ክፍል የተማርነው እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከምቱ ፍጥነት ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን የሚያድገው ቮልቴጁ በራሱ ተባዝቶ ነው። ፍጥነቱን በ20 በመቶ ብንጨምር፣ ያንንም እንዲሸከም ቮልቴጁን በ10 በመቶ ከፍ ብናደርግ፣ 1.2 ሲባዛ በ1.1፣ እንደ ገና ሲባዛ በ1.1፣ ውጤቱ 1.45 ያህል ነው። 65 ዋት ይበላ የነበረው ፕሮሰሰር ወደ 94 ዋት ደረሰ ማለት ነው። የሃያ ብር ዕቃ በአርባ አምስት ብር እንደ መግዛት ነው። ለዚህም ጭማሪ ፓወር ሰፕላዩ፣ ማዘርቦርዱና ማራገቢያው ሁሉ ዐቅም ሊኖራቸው ይገባል። ቮልቴጅ ሲበዛም የፕሮሰሰሩ ዕድሜ ያጥራል።

ያ ኃይል ሁሉ በመጨረሻ ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱን የሚያወጣው ከፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ብረትና ማራገቢያው የሚገፋው አየር ነው። እዚህ ላይ የአገራችን ጠባይ ይገባበታል። የቡራዩ ማለዳ ብርድ ለኮምፒውተር ይስማማዋል ብንል እውነት ነው። ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው የአየር መጠን በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ መፍላቱ ቀርቶ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው፣ እናቶቻችንም ባቄላና ሽንብራ ሲቀቅሉ ብዙ የሚጠብቁት ከዚሁ የተነሣ ነው። አንዱ ማራገቢያ በጅቡቲ ወደብና በቡራዩ በእኩል ፍጥነት ቢዞር፣ በቡራዩ የሚገፋው አየር ያነሰ ነው፤ የሚሸከመውም ሙቀት በዚያው ልክ ያንሳል። ብርዱ የሰጠንን ስስነቱ በከፊል ይወስድብናል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ የሚኖር ሰው የጻፈውን ቁጥር እንዳለ ገልብጦ በራስ ኮምፒውተር ላይ ማድረግ አይበቃም፤ እዚሁ መለካት ያስፈልጋል።

ሙቀት በቁጥር ይታያል፤ በእጅም ይዳሰሳል። ከእርሱ የሚከፋው የማይታየው ነው። ሳይታጨድ የቀረውን ዘለላ አሁን አስታውሱት። ፕሮሰሰር ከዐቅሙ በላይ ሲፈጥን አንዳንዱን ስሌት ሳይጨርስ ቀጣዩ ምት ይደርስበታል። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩ ጨርሶ ቢቆም ደግ ነው፤ በሽታውን ነግሮናልና። የሚያስፈራው ሳይቆም የተሳሳተ መልስ ሲሰጥ ነው።

የዚህን ክብደት የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ፤ ስሕተቱ የመጣው በኦቨርክሎክ ሳይሆን በፋብሪካው ንድፍ ጉድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ቶማስ ናይስሊ የተባሉ አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር፣ ከአንድና ከራሳቸው በቀር በሌላ ስለማይካፈሉ ቁጥሮች ሲመራመሩ፣ የፔንቲየም ፕሮሰሰር ሲያካፍል አልፎ አልፎ እንደሚሳሳት አገኙ። 4,195,835 ለ3,145,727 ሲካፈል 1.33382 መሆን ሲገባው፣ መሣሪያው 1.33374 ይል ነበር። ልዩነቱ ከነጥቡ በኋላ በአራተኛው አኃዝ ላይ ነው። መሣሪያው አልቆመም፤ አልጮኸም፤ በሙሉ ልብ ተሳስቶ ሥራውን ቀጠለ። ኢንቴልም ስለዚህ ጉዳይ 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ ለመያዝ ተገደደ። ለምን? ኮምፒውተር የሚገዛው ስለሚታመን ነውና። ዘገምተኛ ኮምፒውተር ሰውን ያስጠብቃል፤ የማይታመን ኮምፒውተር ግን የእኅትን የመመረቂያ ጽሑፍ ያበላሻል፣ የአባትን ሒሳብ ያዛባል፣ የጠፋውንም ዘግይቶ ያሳውቃል።

ስለዚህ ኦቨርክሎክ ያደረገ ሰው ኮምፒውተሩን የመፈተን ግዴታ አለበት። ለዚህ ከሚያገለግሉት ፕሮግራሞች አንዱ ፕራይም95 ይባላል። የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በብዙ አገር ሰዎች ትብብር፣ ቀደም ብዬ ካነሣኋቸው ከማይካፈሉት ቁጥሮች ታላላቆቹን ለመፈለግ ነው። መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ከባድ ስሌቶችን ፕሮሰሰሩን እያሠራ መልሱን ያርማል። አንዲት ስሕተት ከተገኘች ፍጥነቱ ከዐቅም በላይ ሆኗል ማለት ነው። መምህሮቻችን ቶሎ ጨርሶ የወጣውን ተማሪ ውጤት በሰዓት ሳይሆን በመልሱ እንደሚያርሙ ሁሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። በአስኮ በኩል መርካቶ ወርደን ከምንገዛቸው ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ በመሥሪያ ቤት ሲሠሩ የኖሩ የዴልና የኤችፒ ምርቶች ናቸው። በእነዚህ ላይ ኦቨርክሎክ የማድረግ በር በአብዛኛው ተዘግቷል። ኢንቴል ክፍት የሚያደርጋቸው በአብዛኛው በስማቸው መጨረሻ «ኬ» የሚለው የላቲን ፊደል ያለባቸውን ነው። የኤኤምዲ ራይዘን ብዙዎቹ ክፍት ቢሆኑም ማዘርቦርዱ መፍቀድ አለበት፤ ቢ350 የተባለው ይፈቅዳል፣ ኤ320 የተባለው አይፈቅድም። በተጨማሪም የዛሬዎቹ ፕሮሰሰሮች ሙቀቱ ሲፈቅድ ራሳቸው ስለሚፈጥኑ፣ የሴሌሮኑን ያህል ትርፍ ዐቅም ለተጠቃሚው አይተዉም። ስለዚህ ማንም ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት የፕሮሰሰሩንና የማዘርቦርዱን ስም ያንብብ።

ከዚያም ኮምፒውተሩ የሚያዘገየው ማን እንደ ሆነ ይመርምር። ጂን አምዳል የተባሉ የኮምፒውተር ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1967 ያስረዱት ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳናል፤ የሥራውን አንድ ክፍል ብቻ ብታፈጥን፣ የምታተርፈው ያ ክፍል በያዘው ጊዜ ልክ ነው። ለምሳሌ አንድ ፕሮግራም ለመከፈት 60 ሴኮንድ ፈጀ እንበል። ከዚህ ውስጥ 45 ሴኮንዱ ሃርድ ዲስኩ እስኪያነብ የሚጠበቅበት፣ 15ቱ ብቻ የፕሮሰሰሩ ይሁን። ፕሮሰሰሩን በ20 በመቶ ብናፈጥን 15ቱ 12.5 ይሆናል፤ ጠቅላላው 57.5 ሴኮንድ ነው። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ተክተን 45ቱን 5 ብናደርሰው ግን ጠቅላላው 20 ሴኮንድ ይሆናል። እህሉ በአንዲት አህያ እየተመላለሰ ለሚመጣለት ወፍጮ ቤት፣ የወፍጮውን ሞተር ማፍጠን ምን ይጠቅመዋል?

ከዚህ በላይ ከተናገርሁት የተነሣ፣ የማሻሻሉ ሥራ በሚከተለው ተራ ቢሄድ ይበጃል እላለሁ።

አንደኛ፣ የተሸጠልንን ፍጥነት እናስመልስ። ፕሮሰሰር ከልክ በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ይዘገያል። የበጋው አቧራ ማራገቢያውን ካፈነው፣ ከብረቱ በታች ያለው ቴርማል ፔስትም ከደረቀ፣ ኮምፒውተሩ ሳናውቀው ወደ ኋላ እየተጎተተ ነው። ከኤሌክትሪክ ነቅሎ አቧራውን በጥንቃቄ ማስወገድና ፔስቱን ማደስ በጥቂት ገንዘብ ይሠራል።

ሁለተኛ፣ ራም ካነሰ ይጨመር፤ ሃርድ ዲስኩም በኤስኤስዲ ይተካ። ሆኖም ዲዲአር3 የተባለው ራም በዲዲአር4 ቦታ ስለማይገባ፣ ዓይነቱን ሳያረጋግጡ መግዛት ገንዘብን መጣል ነው።

ሦስተኛ፣ ይህ ሁሉ ተደርጎ ፕሮሰሰሩ ካነሰ፣ መሣሪያውም ከፈቀደ፣ ኦቨርክሎክ ይደረግ፤ ግን በሥርዓት ይሁን። በመጀመሪያ ኮምፒውተሩ የቤተ ሰቡ ንብረት ስለ ሆነ አባትና እናት ይጠየቁ። የሁሉም ጽሑፍና ሒሳብ በሌላ ቦታ ይገልበጥ። ከዚያ ባዮስ በሚባለው ክፍል ገብቶ፣ ቮልቴጁን ሳይነኩ፣ ፍጥነቱን በ100 ሜጋኸርዝ ብቻ ከፍ ማድረግ፤ ፈትኖ ሙቀቱን መመልከት፤ ያገኙትን በደብተር መጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ 100 መጨመር። በከባድ ሥራ ላይ ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ካለፈ ወይም አንዲት ስሕተት ከታየች፣ ወደ ኋላ መመለስ እንጂ ዕድልን መሞከር አይገባም። ባዮሱን ራሱን ማደስ ካስፈለገ መብራት እንዳይቋረጥ ዩፒኤስ ይኑር፤ በመካከል መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ከሥራ ውጭ ሊሆን ይችላልና።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ልጃችሁ የኮምፒውተሩን ሣጥን ከፍቶ ብታገኙት ወዲያው አትቆጡት። ምን ለማወቅ እንደ ፈለገና ምን እንደ ለካ ጠይቁት። ደብተር ይዞ ቁጥር ካሳያችሁ፣ በቤታችሁ ውስጥ አንድ የፊዚክስ ላቦራቶሪ አለ ማለት ነው። ምንም ካልለካ ግን ሣጥኑን እንዲዘጋ ብታዙት ትክክል ናችሁ።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ስለ ኃይልና ስለ ቮልቴጅ በሰሌዳ ላይ የጻፋችሁልን ቀመር ከፈተና በኋላ የሚረሳ ነገር አይደለም። በቤታችን ጠረጴዛ ሥር በየቀኑ ይሠራል። በክበባችን አሮጌና የተጣሉ ኮምፒውተሮችን ለመለማመጃ እንድንጠቀም ብትረዱን፣ የቤተ ሰቡን ብቸኛ ኮምፒውተር መሞከሪያ ከማድረግ እንድናለን።

እናንተም ጓደኞቼ፤ ርካሽ ፕሮሰሰር የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ሴሌሮኑ በርካሽ ስም ተሸጦ ከውዱ እኩል ሠርቷል። ነገር ግን ያን ያደረገው በጩኸት አይደለም፤ ዐቅሙ በውስጡ ስለ ነበረና የሞከሩትም ሰዎች ስለ ለኩት ነው። በስሙ ላይ የተጻፈለት ቁጥር የመጨረሻ ልኩ አልነበረም፤ ልክ ግን ነበረው። እኛም በምንሠራው ሁሉ፣ ከተጻፈልን በላይ ለመሄድ እንድፈር፤ መልሳችን ትክክል መሆኑን ሳናረጋግጥ ግን ፈጥነናል ብለን አንመካ።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፣ ለመምህሮቻችን ጤና፣ ለወላጆቻችንም የልፋታቸውን ፍሬ ማየትን እመኛለሁ።